መርዝ እና ማርከሻው

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ከሰው ስትሰሙት «ደብቃን ነው» እንዳትሉኝ ነው። ጠዋት ዓይኔን ከገለጥኩበት ሰዓት ጀምሮ የሚያናድደኝ ነገር አላጣም፤ ካጣሁም ፈልጌ አገኛለሁ። ያገባኝ ሰው በያጅ ነው፣ ቧንቧ ከቧንቧ ጋር ያጋጥማል። ድሮ እኔ ስጮህ እሱ «ጀመራት!» ይልና ይስቅ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫማውን እየፈታም ቢሆን ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ። ያኔ የተናደድኩበት ነገር ይጠፋብኛል። ጎረቤት እኛ ቤት ጠብ ያለ ይመስለው ነበር። የት አባቱ! እንዲያ ነበር የምንዋደደው።

ከዚያ ሥራ ጠፋና ሄደ። ሩቅ በረሃ ውስጥ ቧንቧ የሚዘረጋ ድርጅት ቀጠረው። «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ያለኝ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት እየመጣ እንግዳ ሆኖ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ደግሞ ምን አላት? ለሁለት ሳምንት ማንም ሰው የድሮውን ራሱን ሆኖ መቆየት ይችላል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይስቃል፣ ሳንጠጋገብ ሻንጣው ይዘጋል። ልጅ አልወለድንም። እሱ ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ሬዲዮ ከፍቼ እተኛለሁ፣ ከድስቱ ላይ ቆሜ እበላለሁ፣ የምነታረከው ሰው ሳጣ ከራሴ ጋር እነታረካለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመታቱ አለቁ፤ ዘንድሮ ጠቅልሎ መጣ።

እንዴት እንደተዘጋጀሁ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ድሮ ለስላሳ ፍራሽ ይወድ ስለነበር ደመና የመሰለ ፍራሽ ገዛሁ። እሱ የሚተኛበትን ጎን ለቅቄ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። የሚወደውን የድንች ሾርባ በርበሬ አብዝቼ ሠራሁ። ታላቅ እህቴ ደወለችና «እስቲ ደግሞ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ሰውዬው ለዘለቄታው ነው የመጣው» አለችኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ የሚወደው አፌን ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንደ ልማዳችን ደህና ሆነን አለፍናቸው። ሦስተኛው ላይ ሻንጣ የሚዘጋበት ቀን መጥቶ ሄደ፣ ሻንጣው ግን ቁም ሳጥኑ ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ያኔ ሁለታችንም ምን እንደምናደርግ ግራ ገባን።

ለካ ሰውዬው ለስላሳ ፍራሽ ላይ መተኛት ትቷል። እኔን እንቅልፍ ሲወስደኝ ቀስ ብሎ ይወርድና ወለሉ ላይ ይጋደማል። በርበሬውም ጨጓራውን ያቃጥለዋል፤ ከደግነቱ የተነሣ ሳይነግረኝ ይበላና ሆዱን ይዞ ይቀመጣል። ሲበላ አያወራም፣ ክንዱን በሳህኑ ዙሪያ አጥሮ ቶሎ ቶሎ ጎርሶ ይነሣል። አቧራ ይገባል ብሎ መስኮት ይዘጋል፤ እከፍታለሁ፤ ይዘጋል። ሬዲዮውን ያጠፋዋል፣ እኔ ደግሞ የምነቃው ሬዲዮ ሲጠፋ ነው። የብረት መቁረጫው ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው ጮክ ብሎ ሲያወራኝ የሚቆጣኝ ይመስለኛል። እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም። ከሥራ ስገባ «የት ነበርሽ?» ሲለኝ ፖሊስ የያዘኝ ይመስል ደሜ ይፈላል። ስንት ዓመት ሙሉ «የት ነበርሽ» የሚለኝ ሰው አጥቼ ሳለቅስ እንዳልኖርኩ!

ይሄ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም። አንጀቴን የቆረጠው ሳቁ ነው። አንድ ጠዋት ስነሣ መስኮቶቹ ሁሉ ጥርቅም ተደርገዋል። «ይሄ ቤት ነው ወይስ የታሸገ ቆርቆሮ?» ብዬ ጮህኩ። «ጀመራት!» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ሹራቡን ከወንበሩ ላይ አነሣና ወጣ። በሩን ገርበብ አድርጌ ባየው ደረጃው ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። ሲመለስ «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«እኛ ካምፕ ሰው ሲጮህ መውጣት ነው» አለኝ። «ካልወጣህ ነገሩ ብረት ወደ መማዘዝ ይሄዳል። አንድ ባልደረባችን እንዲያ ሞቶብናል።»

ይህንን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ የሚገባበት ቦታ የለም መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ላለመጮህ አፌን ያዝኩ። እሱም እኔን ላለማስቆጣት በጫማው ጫፍ መራመድ ጀመረ። እኔ ዝም፣ እሱ ዝም። ብቸኝነትን አውቃታለሁ ባይ ነበርኩ፤ ለካ አላውቃትም። ብቻዬን ሳለሁ እሱን እናፍቅ ነበር። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ ማንን ልናፍቅ?

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው። ሰው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «ባክቴሪያ አሳድጋለሁ» ስለው ፊቱን አጨማዶ ወሬ ይቀይራል። እናንተ ግን ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ ከባድ አይደለም። አንዳንድ ባክቴሪያ የራሷን መርዝ ሆዷ ውስጥ ትሠራለች። መርዙ ፕሮቲን ነው፤ ብቻውን ከተለቀቀ ራሷኑ ይገድላታል። ስለዚህ ሌላ ፕሮቲን አብራ ትሠራለች፣ ማርከሻ። ማርከሻው መርዙ ላይ ልጥፍ ይልና አፉን ይይዘዋል። የአንዱ ጉብታ በሌላው ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ታዲያ ከብዙ ትውልድ በኋላ መርዙ አንዲት ጉብታው ብትለወጥ፣ ማርከሻውም ጎድጓዳውን አስተካክሎ ካልተከተለው፣ ባክቴሪያዋ አለቀላት። በሕይወት የምናገኛቸው እንግዲህ ማርከሻቸው የተከተለላቸው ናቸው። ሁለቱ ፕሮቲኖች እንዲህ አንዱ ሌላውን እየጎተተ አብረው ይለወጣሉ። እንኳን የሩቅ ዘመድ፣ የእህት ልጅ ማርከሻ እንኳ አንዳንዴ አያድንም።

በያጁ በሄደ ሰሞን አንድ ሙከራ ጀምሬ ነበር፤ ሥራ ባልይዝ አብድ ነበር። አንዲት እናት ባክቴሪያ ወስጄ ልጆቿን ለሁለት ከፈልኳቸው። ግማሾቹን ምቹ ምግብና ልከኛ ሙቀት ባለው ጠርሙስ አኖርኩ፤ «የቤት ልጆች» እንላቸዋለን። ግማሾቹን ጨውና ሙቀት በበዛበት ጠርሙስ ከተትኳቸው፤ እነሱ «ስደተኞቹ» ናቸው። በየጊዜው ከጠርሙስ ወደ አዲስ ጠርሙስ እያዛወርን፣ ልጅ ልጅን እየተካ ኖሩ። እናትየዋን ደግሞ እንደነበረች ትልቁ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛናት። እዚያ ውስጥ ጊዜ አይሄድም። መቼም አውጥታችሁ ብታሞቋት ትላንት የተኛች ይመስል ትነሣለች።

«የቤት ልጆቹ ማርከሻ ፍንክች አላለም፣ መርዙን እንደ ድሮው ጭምቅ አድርጎ ይይዛል» እያልኩ በየዓመቱ በኩራት ስናገር ኖሬአለሁ። አጠገቤ የሚሠራ አንድ ሰው አለ፤ ከሰላምታ ውጭ ቃል ስለማይወጣው ጭምቱ እንለዋለን። በዚያ ሰሞን፣ እኔ ቤቴ ውስጥ አፌን ይዤ ላቦራቶሪ ስደርስ ግን ጠርሙሱንም ጠረጴዛውንም ስሳደብ፣ ያለ ወትሮው አፉን ከፈተ።

«እስቲ የምትሞክሪበትን መርዝ ከየት ነው የምታመጪው?» አለኝ።

«ከፍሪዘሩ ነዋ! ከእናትየዋ። ከየት ላምጣልህ?»

«ስደተኞቹ ዛሬ ያላቸውስ?»

ክው አልኩ። ጓንቴን አውልቄ ወንበር ፈለግሁ። እኛ የዚህ ሥራ ሰዎች አንድ ሕመም አለብን። የዓመቱ ውጤት ከአምናው ጋር እንዲነጻጸር ብለን አንድ ጊዜ ያዘጋጀነውን ነገር ሙጭጭ ብለን እንይዛለን። የድሮው መርዝ ንጹሕ ነው፣ የታወቀ ነው፣ ከፍሪዘሩ ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የቤት ልጆቹን የምጠይቃቸው «እናታችሁን ታውቋታላችሁ ወይ?» እያልኩ ነበር። እነሱም «እንዴታ!» ይሉኛል። ወንድሞቻቸውን ያውቋቸው እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ጠየቅኋቸው። የስደተኞቹን የዛሬ መርዝ የቤት ልጆቹ ውስጥ አስገባሁ። መርዙ የሚነቃው አንድ የተለየ ስኳር ሲቀርብለት ነው። ባክቴሪያዎቹን ሳህኖቹ ላይ ዘርቼ ስኳሩን ሰጠሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ሳህኖቹ ባዶ ናቸው፤ አንዲት ነጭ ነጥብ እንኳ የለችም። ስኳሩን በጣም በጣም የቀነስኩበት አንድ ሳህን ነበር፣ እሱም ወና ነው። ሳህኖቹን አጸዳሁ። ያቺን ስኳሩን የቀነስኩባትን ላጸዳ ሳነሣት ግን ሆድ ባሰኝ፣ ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ከትቼ በሩን ዘጋሁባት። ጭምቱ አየኝ።

ወደ ቤት እየሄድኩ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ከራሴ ጋር አወራሁ፤ ሰው ዞር ብሎ አየኝ፣ ይየኝ። እኔም እኮ ባሌን ከፍሪዘሩ እያወጣሁ ነው የማየው! ፍራሹን የገዛሁት ለዚያ ሰው ነው። በርበሬውን ያበዛሁት ለዚያ ሰው ነው። ጩኸቴንም ስሞርድ የኖርኩት እዚያ ቤት ውስጥ ለሌለ ሳቅ ነው። እሱም ቢሆን በዚያ ሁሉ ጨውና ሙቀት ውስጥ ያሰባትን ሴት ሊያገኝ ነው የመጣው፤ ያገኘው ግን ከድስት ላይ ቆማ የምትበላ፣ የት እንደዋለች የማትናገር አሮጊት ነው። ማን መርዝ ማን ማርከሻ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንደ ቀኑ ነው። ይህንን ሁሉ ልነግረው አስቤ ገባሁ። ሲያየኝ ከመንገዴ ዘወር አለልኝ፤ እኔም ዝም ብዬ አለፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ «ተደውሎልኝ ነበር» አለኝ። «የድሮ ባልደረባዬ ነው። ሌላ ሰው እስኪገኝ እሱን ተክቼ ለስድስት ወር እንድገባ ይፈልጋል። ... እሺ ብዬዋለሁ።»

ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ጠባብ ጫማ ያወለቅሁ ያህል ነው ተንፈስ ያልኩት። ወዲያው አፈርኩና ቀና ብዬ ባየው እሱም እንደዚያው ትከሻው ወርዷል። አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም ነቃን።

«ደስ አለሽ አይደል?» አለ።

«አንተስ?»

«እኔም።»

ምን ይሻላል? ሳቅን። እሱ የሳቀው እኔ የማውቀውን ሳቅ አልነበረም፤ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ነው የሳቀው። አዲስ ሳቅ ነው። ያ ሳቅ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጓሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት ያሉ ቀናት ነበሩ መሰላችሁ! ሊሄድ ስለሆነ አንዳችን ከሌላችን የምንጠብቀው ነገር አልነበረንም። ወለሉ ላይ መተኛቱን አልደበቀኝም፤ እኔም ትራሱን አቀበልኩት። ለካ ምግብ ማብሰል ይችላል፣ ካምፕ ውስጥ ተራ እየገባ ለሃያ ወንድ ሲያበስል ኖሯል። አንድ ማንኪያ ጨው ስንት ሰው እንደሚያጣላ ሲነግረኝ በሳቅ ሞትኩ። አንድ ቀን ረስቼ ስጮህበት ሹራቡን አነሣና «ልውጣ?» አለኝ። «ውጣ!» አልኩት። ወጣ፣ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመና አንኳኳ። «ማነው?» «ተጠርቼ ነው የመጣሁት፣ ቧንቧ የሚበየድ አለ?» ከዚያ በኋላ እኔ ስጮህ እሱ ወጥቶ ማንኳኳት ሆነ። አንድ ምሽት ደግሞ ስለ ሞተው ባልደረባው አወራኝ። ሲያወራ እጁን ያዝኩት፤ መዳፉ እንደ ቅርፊት ሻክሯል። ይህንን ሰው ወደድኩት። ሌላ ሰው የወደድኩ ያህል ፈራሁ።

በዚያው ሰሞን ጭምቱ ማሞቂያ ሳጥኑን ሲያጸዳ ያቺን የረሳኋትን ሳህን ይዞልኝ መጣ። ጠርዟ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች በቅለውባታል።

«ከአየር የገባ ነገር ነው፣ ጣለው» አልኩ። ምን ቆርጦኝ ተስፋ አደርጋለሁ?

አልጣለም። የዘረመላቸውን ፊደል አስነበብን። ውጤቱ የመጣው በያጁ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አብዛኞቹ አጭበርባሪዎች ነበሩ፤ መርዙን ጭራሽ ሰባብረውት ነው የተረፉት። ሁለቱ ግን እውነተኞች ናቸው። በአንደኛዋ ውስጥ ማርከሻው አንድ ቦታ ላይ ተለውጦ የባዕዱን መርዝ መያዝ ጀምሯል። በሌላዋ ማርከሻውም ትንሽ ተለውጧል፣ መርዙም በዚያው ትይዩ ትንሽ ለዘብ ብሏል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ለቀዋል። በማግስቱ ባዶ ናት ብዬ የዘጋሁባት ሳህን እኮ ናት!

«ስኳሩ ጥቂት ስለነበረ ቶሎ አልገደላቸውም። ጊዜ አገኙ» አለ ጭምቱ። ለእሱ ይሄ ንግግር ነው።

ጋውኔን ሳላወልቅ ነው የሮጥኩት። በሩን ከፍቼ ስገባ ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቶ እሱ ሸሚዝ ያጥፋል።

«አትሂድ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ጆሮው አልሰማ ብሎት ነው ብዬ ጮክ አድርጌ ደገምኩት። «እዚሁ ቅር! አልተበላሸንም እኮ! ጊዜ ነው ያጣነው!»

ሸሚዙን እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «መጀመሪያ ስነግርሽ እንዲህ ብትይኝ ኖሮ» አለ።

«ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ነው የከፋኝ።»

«እንግዲያው ደውልና አልመጣም በላቸው!»

ራሱን ነቀነቀ። «የምተካው ሰውዬ ትላንት ተሳፍሯል። ጠቅልሎ ነው የወጣው። እኔና እሱ አንድ ቀን ነው ሥራ የገባነው፣ እስከ ዛሬ የሚተካው ሰው አጥቶ ነው። እኔ ከቀረሁ መንገድ ላይ ነው የሚመልሱት። ሚስቱ እየጠበቀችው ነው።»

ሴትየዋን አላውቃትም፤ ግን ይሄኔ ምን እያደረገች እንደሆነ አውቃለሁ። እሷን ከባሏ ልለይ? ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እመለሳለሁ» አለኝ።

«መመለስህን መች ተጠራጠርኩ? ማን ሆነህ እንደምትመለስ ነው የማላውቀው።»

«አንቺስ?» አለ። እኔም አላውቅም። ትከሻችን ግን ተነካክቷል።

«ለጓደኛህ ደውልለት» አልኩት በመጨረሻ። «ሁለቱ ሳምንት ሲያልፍ ሚስቱ የማያውቃት ሴት ብትሆንበት እንዳይደነግጥ ንገረው። እሷም የምትጠብቀው ሌላ ሰው ነው። እንዳይሸሻት። ያየውን ሁሉ ይንገራት፣ ስለ ሟቹም ቢሆን። ጊዜ ይስጣት በለው።»

ደወለ። በዚያ በሚጮህ ድምፁ ያልኩትን አንድ በአንድ ነገረው፣ «ሚስቴ ናት ንገረው ያለችኝ» ብሎም ጨመረበት። እኔ እጆቼን አጣምሬ ጠበቅሁ። ከወዲያ የሰውዬው ድምፅ ከመኪና ጩኸት ጋር ተደባልቆ ይሰማል፣ የሚለው ግን አይለይም። በያጁ «እሺ፣ መልካም መንገድ» ብሎ ዘጋ።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ሳቀብኝ» አለ። «የእኔ ሚስት እንዳንተ ሚስት አይደለችም፣ እኔ በደንብ አውቃታለሁ አለኝ።»

እኛ አልሳቅንም። የቀሩትን ሸሚዞች እኔ አጠፍኩለት።